ለቅልቅላችን የተመረጠው የፍላጻ ስለት

እኔ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን አዙሬ የምቆም ሰው ነኝ። ጆሮዬንም እይዛለሁ። አገር ቤት ሳለን ጎረቤቴ ነበር የሚያርድልን። እዚህ አሜሪካ ከመጣን በኋላ ደግሞ ከአበሻ ሥጋ ቤት ታርዶ፣ ተገነጣጥሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ስለሚመጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። እና እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔን የሚያውቅ ሰው በልጄ ቅልቅል ሳምንት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የቀስት ሱቅ ገብቶ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከራቫቴን አስሬ፣ «ይሄኛው ስለት አይሆንም፣ ያንን አምጪልኝ» እያልኩ ስከራከር ቢያገኘኝ ኖሮ እኔ መሆኔን አያምንም ነበር። እኔም ራሴ ሳስበው እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር ግድም ነው። አስፐን ሂል ነበር የምንኖረው፣ ሥራዬ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ። አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፣ አንዲት መስኮት አለችኝ። በመስኮቷ ቲኬት እቀበላለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» እላለሁ። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬም እዚያች መስኮት ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ስንት ዓመት ሙሉ ፈረንጅን ያየሁት ከደረቱ በላይ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ቆሞ ምን እንደሚያህል እንኳ አላስተዋልኩም ብላችሁ ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ ልጄ ሕይወት ብራያን የሚባል ፈረንጅ አገባች። ደግ ልጅ ነው፤ «ጋሼ» ብሎ ሲጠራኝ አንጀቴን ይበላዋል። ሠርጉ በሰላም አለፈ፣ መልሱም አለፈ። የቀረው ቅልቅሉ ነበር። መቼም የወንዱ ወገን የሴቷን ቤተሰብ ጠርቶ የሚያበላበት፣ ሁለቱ ዘር እንግዲህ አንድ ነን የሚባባልበት ቀን ነው። የብራያን አባት ዴል ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ የቧንቧ ሥራ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ውድብሪጅ የሚኖር ግዙፍ ሰውዬ ነው። ሕይወት ስለ ቅልቅል ብታስረዳው ደስታውን አልቻለውም። ከመልሱ ማግስት፣ እሑድ ማታ፣ ደወለችልን።

«አባዬ፣ ዴል ለቅልቅሉ ራሱ አድኖ ሊያበላን ነው! አጋዘን! በቀስት!»

«በምን?»

«በቀስት። እነሱ ቤት ትልቁ ክብር ይሄ ነው አለኝ፤ በእጁ ያደነውን ማብላት። በጣም ኤክሳይትድ ሆኗል። ለዘመዶቹ ሁሉ ኮል እያደረገ እየነገራቸው ነው።»

ባለቤቴ አስካለ ከወጥ ቤት ሰማች። ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«በስመ አብ ያልተባለበት ሥጋ እኔ አልበላም» አለች።

«እማዬ፣ ፕሊስ…»

«አልበላም። ሰላጣ አይጠፋም፤ ሰላጣዬን እበላለሁ።»

ሌላው ቢቀር የሴቷ እናት በቅልቅል ቀን ከወንዱ ቤት ማዕድ እጇን ስትሰበስብ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰውየው ዘመዶቹን ሰብስቦ፣ በእጁ አድኖ አቅርቦ፣ እሷ ሰላጣ ስትለቅም! ሕይወት ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። «ገና ትዳሬ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ እማዬ! ዴል ይሄን መቼም አይረሳውም። ብራያንም አይረሳውም።» አስካለ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን በእምነቷ ነገር አትነቃነቅም። እንስሳው ሲሞት የሥላሴ ስም ካልተጠራበት ለእሷ በክት ነው፣ አለቀ።

እኔ መሐላቸው ቆሜ «በቃ እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«የት ነው የምትሄደው?» አለች አስካለ።

«አደኑ ላይ። በወጉ እንዲታረድ አደርጋለሁ።»

«አንተ?» ማማሰያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ዶሮ ሲንፈራገጥ መኝታ ቤት ገብተህ ሬዲዮ የምትከፍተው አንተ?»

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ። ነገሩን በራሴ ሚዛን እንዲህ አስቀመጥኩት። አንደኛ፣ ስም መጠራት አለበት። ሁለተኛ፣ መታረድ ማለት በቢላዋ ነው። ስለዚህ የፍላጻው ጫፍ ቢላዋ መሆን አለበት፤ የሚበር ቢላዋ ማለት ነው። ይሄን ሁለተኛውን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ግን ሲነጋ ቄስ የነገረኝ ያህል እርግጠኛ ሆኜ ተነሣሁ።

ሰኞ የእረፍት ቀኔ ነበር። ሕይወት ነግራው ዴል በትልቁ ፒክአፕ መኪናው አስፐን ሂል ድረስ መጥቶ ወደ ቀስት ሱቅ ወሰደኝ። ወደ ልጄ አማት ስሄድ ነውና የቤተ ክርስቲያን ሙሉ ልብሴን ነበር የለበስኩት። እሱ ቁምጣ ለብሷል። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ናይስ!» አለ፤ እኔም «ናይስ» አልኩት። እስከ ውድብሪጅ ድረስ ያወራነው ይኸው ነው።

ሱቁ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ስትገቡ ግድግዳው በሙሉ ቀስት፤ ከቀስቱ ጎን ያለው ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የፍላጻ ጫፍ፣ በትንንሽ ላስቲክ ታሽጎ ተሰቅሏል። ፈረንጆቹ ብሮድሄድ ይሉታል። ፍላጻው እንጨት ብቻ ቢሆን ምን ይሠራል፤ የሚገድለው ጫፉ ላይ የሚጠመዘዘው ይህ ስለት ነው። ሦስት ምላጭ ያለው አለ፣ አራት ያለው አለ፣ ጠመዝማዛ አለ። እንዲያው እንደ ጌጣጌጥ ሱቅ ያብረቀርቃል። ባለሱቋ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ሸበቶ ሴት ናት።

ሕይወት አሌክሳንድሪያ ሥራ ቦታዋ ሆና ስልኩ ስፒከር ላይ ተደርጎ ትተረጉምልናለች። ዴል የሚወደውን አውጥቶ በኩራት አሳየኝ። ምላጮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ተኝተዋል፤ ሲበር ቀጭን እንጨት ይመስላል፤ እንስሳው ላይ ሲያርፍ ነው ተፈናጥረው እንደ ጃንጥላ የሚከፈቱት። በጣቱ ጫን አድርጎ ጧ! አደረገው። ወደ ኋላ ዘለልኩ።

«ሕይወት፣ ንገሪው» አልኩ ወደ ስልኩ። «ይሄ ቢላዋ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ሰገባው ውስጥ ባለ ቢላዋ አይታረድም። ከመጀመሪያው ወጥቶ የሚታይ ስለት ይሁን።»

«አባዬ፣ ሲሪየስ ነህ? ሰውየው ይሄን ለዓመታት የተጠቀመበት ነው።»

«ሲሪየስ ነኝ። ለእናትሽ ብዬ ነው።»

ነገረችው። ዴል ግንባሩን አከከ። እኔ ግን ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ ወደ ግድግዳው ሄጄ አንዱን በጣቴ ጠቆምኩ። ሁለት ስለት ብቻ ያለው፣ የማይታጠፍ፣ አንድ ወጥ ብረት፣ ልክ ትንሽ ጦር። «ይሄ!» አልኩ። ባለሱቋ አወረደችልኝ። ፀጉሬን ልላጭበት የምችል ምላጭ ነበር። «ይሄ ቢላዋ ነው» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ባለሱቋ ዴልን አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ትከሻውን እየነካ መለሰላት። ለካ ትከሻውን ኦፕሬሽን ተደርጎ የቀስቱን ጉልበት አላልቶት ኖሯል። እሷ የመረጥኩትን ስለት ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«አባዬ… አንተ ልክ ነህ አለች። ቀስቱ ከላላ ያ የሚከፈተው ለመከፈት ጉልበት ይበላበታል፣ ጠልቆ ላይገባ ይችላል፤ ይሄ አንተ የመረጥከው ግን ከነካ ጀምሮ እየቆረጠ ያልፋል አለች። ዴል ደግሞ አባትሽ አዳኝ ነበር ወይ እያለ ነው።»

«የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነው በይው!»

ነገረቻቸው። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ትሕትና መስሏቸው ነው! ባለሱቋ የአጋዘን ሥዕል ያለበት ኮፍያ አምጥታ በነጻ ራሴ ላይ አደረገችልኝ። ከራቫትና የአዳኝ ኮፍያ! መስተዋት ውስጥ ራሴን አየሁና ሳቄ መጣ፤ ዴልም አይቶኝ ሳቀ፤ ሁለታችን ጠረጴዛውን ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ። ምን እንዳሳቀን ብትጠይቁን አናውቀውም። ከፈረንጅ ጋር እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንወጣ ግን ባለሱቋ ሌላ ነገር አስጠነቀቀችን። ቋሚ ስለት ነፋስ ይይዘዋል፣ ከለመደው ጫፍ እኩል አይበርም፤ ሳይለማመዱ መሄድ የለም። ቅልቅሉ የሚመጣው እሑድ ነው። እሑድ ማደን በዚያ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነበር። በሳምንቱ መሐል ደግሞ እኔ ሥራ አለኝ። ስለዚህ ያለችን ቅዳሜ ብቻ ናት።

ዴል ጓሮ ለመለማመጃ የቆመ የስፖንጅ አጋዘን አለ። በዚያው ሰኞ እዚያ ነው ትምህርቱን የጀመርነው። ሕይወት በስልክ አስረዳችው፣ ስለቱን የሚለቀው እሱ ስለሆነ ስሙን መጥራት ያለበት እሱ ነው፤ ትርጉሙንም ነገረችው። ዴል ኮፍያውን አወለቀ። «ይሄማ የእናቴ ጸሎት ነው» አለ። በእንግሊዝኛ ልበለው ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ እንደገና ከራሴ አምጥቼ «የለም፣ በግዕዝ ነው» አልኩ።

እኔ ቆርጬ ቆርጬ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይከተለኛል። «በስመ አብ…» «ወወልድ…» ዴል ግን ቸኳይ ነው፤ ቀስቱን ስቦ ሲያበቃ ይጣደፍና ቃሉን ይውጠዋል። እጄን አንስቼ «ቀስ በል!» እለዋለሁ። ደግሞ ከመጀመሪያው። ችግሩ ቀስተኛ አውታሩን፣ ማለት የቀስቱን ገመድ፣ ከንፈሩ ጥግ አድርሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚለቀው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አውታሩም ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ፍላጻ «መንፈስ ቅዱስ» ላይ ሲደርስ አምልጦ የጎረቤት አጥር ላይ ተሰካ። ሁለተኛው የስፖንጁን አጋዘን ትቶ ዛፍ መታ። ዴል ፍላጻውን ለመንቀል ሲታገል እኔ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። በመጨረሻ ጸሎቱን ቀስቱን ሳይስብ እንዲጨርስ፣ ከዚያ ስቦ እንዲለቅ ተስማማን። በየማታው ስደውልለት «ሃሎ» እንኳ አይልም፤ በቀጥታ በስመ አብ ይጀምርልኛል። አስካለ ከጎኔ ሆና «ከማን ጋር ነው የምትጸልየው?» ትላለች።

ቅዳሜ ደረሰ። የዴል ዘመድ እርሻ ጫፍ ላይ ትንሽ የአደን ድንኳን ተክለን ከሰዓት ገባን። ቅጠል የመሰለ ልብሱን አውሶኝ እጅጌው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። እዚያ ውስጥ መናገር የለም፣ መንቀሳቀስ የለም። እኔ ደግሞ ኪሴ ቆሎ ይዤ ነበር። አንዴ ቀርጠም ሳደርግ ዴል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። በአፌ ያለውን መትፋትም መዋጥም አልቻልኩ፤ ምራቅ እስኪያረጥበው ጉንጬ ውስጥ አቆየሁት።

ብዙ ቆይቶ አንዲት አጋዘን ከዛፎቹ ወጣች። ዴል ተስተካከለና ጸሎቱን ጀመረ። ግን የለመደው ጓሮ ውስጥ ጮክ ብሎ ነው! «በስመ አብ!» ሲል ድንኳኑ አስተጋባ። አጋዘኗ ጭራዋን ሰቅላ እንደ ጥይት ጠፋች። እሱ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ቆሎ የሞላውን ጉንጬን ይዤ አየሁት። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ሳቅ ያዘን። እንዳይሰማ ስንታገል ድንኳኑ መወዛወዝ ጀመረ። እሱ ኮፍያውን ነከሰ፣ እኔ ያዋሰኝን እጅጌ ነከስኩ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ፍርሃት መጣ። ፀሐይ ወደ ዛፎቹ አናት ወርዳለች። ነገ ውድብሪጅ ጓሮ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ አስካለ ነጭ ለብሳ ትመጣለች፤ ሕይወት ደግሞ የእናቷን እጅ እያየች ትቆማለች። ዴልም ገብቶታል መሰለኝ ቀስቱን እያነሣ ያስቀምጥ ጀመር። እጄን ክንዱ ላይ አደረግሁለት። «ቀስ በል» አልኩት በሹክሹክታ። ራሱን ነቀነቀ።

ያኔ ሌላ መጣ፤ ወፍራም ወንድ አጋዘን፣ ቀንዱ ገና ትንሽ። ቆም ብሎ ጎኑን ሰጠን። የዴል ከንፈር ሲነቃነቅ አየሁ። ከዚያ በኋላ… እንግዲህ ሰው ተፈጥሮውን አይለቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

ስገልጥ አጋዘኑ የለም። ዴል ትከሻዬን ይዞ እንድቀመጥ ምልክት ሰጠኝ። መጠበቅ ነው፤ ወዲያው ከተከተሉት ይሸሻል። ተቀመጥን። ያ ጥበቃ ከሁሉ ረዘመብኝ። ቀስ ብዬ «በስመ አብ? ዩ ሴይ?» አልኩት። «የስ፣ የስ» አለ። እኔ ግን አልሰማሁም። አብሬው የሄድኩት ልመሰክር ነበር፣ ምስክሩ ደግሞ ጆሮውን ደፍኖ ነበር!

ወጥተን ደሙን ተከተልን። ፍላጻው አጋዘኑን በስቶ አልፎ መሬት ላይ ተሰክቶ አገኘነው፣ የመረጥኩት ስለት ከነሙሉ አካሉ። አጋዘኑም ሩቅ አልሄደም፣ ከአጥሩ ወዲያ ሞቶ ተጋድሟል። ዴል ኮፍያውን አወለቀ፤ እኔም የእኔን። ከዚያ ዴል በሁለት እጁ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ሲያወርደኝ ትከሻዬ ራሱ ተነሣ፤ እስክስታ ወረድኩ፣ በዚያ እጅጌ! ዴልም በዚያ ኦፕሬሽን በሆነ ትከሻው ሊከተለኝ ሞከረ። «አው!» ይላል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ይሞክራል።

እሑድ ጓሮው ሞልቶ ነበር። ዴል ሥጋውን በእሳት ጠብሶ ለአስካለ ራሱ አመጣላት፣ ሁለት እጁ ሳህኑን ይዞ። አስካለ ተቀበለች፤ ግን አልነካችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ብሏል?» አለች።

«ብሏል አለኝ።»

«ሰምተሃል ወይ ነው የምልህ።»

ልዋሽ እችል ነበር። ግን አስካለ ናት፤ ፊቴን ታነባለች። «ዓይኔንም ጆሮዬንም ዘግቼ ነበር» አልኩ። የእኛ ሰዎች ሳቁ፤ ሕይወት ግን አልሳቀችም። ፊቷ ቀላ፣ የብራያንን እጅ ያዘች። ፈረንጆቹም አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው።

ዴል «ምንድን ነው?» ብሎ ሕይወትን ጠየቃት። ቀስ ብላ ነገረችው። ሰውየው አልተቀየመም። ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ላይ አኖረ። ቀስት እንደያዘ ሰው ጎኑን ለአስካለ ሰጥቶ ቆመ፣ ግራ እጁን ዘረጋ፣ በቀኙ የማይታየውን አውታር ጨበጠ። በዚያ በተኮላተፈ አንደበቱ፣ ግን አንድም ሳያጎድል አለው፦

«በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን፣ ቀስ በል!»

ከዚያ አውታሩን እስከ ከንፈሩ ጥግ ስቦ ለቀቀ።

ለካ እኔ ያልኩትን ሁሉ ይከተል ስለነበር ይሄም የጸሎቱ መጨረሻ መስሎት ኖሯል! አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ሳቅ ነው። «እኔን!» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ይሄማ ሌላ የትም አይገኝም፤ ከአንተ አፍ የወጣ ነው። ይሄን ሁሉ ተጨንቆ የተማረ ሰው ፍላጻውን ሳይጸልይ አልለቀቀውም።» ከሥጋው በእንጀራ ጠቅልላ ተነሣች። ዴል ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጎንበስ በል አለችው፤ ጎንበስ አለ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሱ አጎረሰችው። ቀጥሎ ራሷ ጎረሰች። እልልታው የጎረቤቶቹን ውሾች ሁሉ አስጮኸ። ሕይወት እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አስካለ ለንስሐ አባታችን ደውላ ነገሩን አወራቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ ገና ትስቃለች። «ስሙ መጠራቱ ነው እንጂ ስለቱ ምን ዓይነት ይሁን ማን ጠየቀ አሉ። በእንግሊዝኛም ቢለው እግዚአብሔር ይሰማ ነበር አሉ። አንተን ማን አዘዘህ?»

ማንም አላዘዘኝም። ግን ያን ስለት ባልመርጥ ኖሮ፣ በግዕዝ ይሁን ብዬ ባልሟገት ኖሮ፣ ዴልና እኔ ያን ሳምንት ከየት እናገኘው ነበር?

እናንተ ወገኖቼ፣ እንደ እኔ በመስኮት ቀዳዳ አገሩን እያያችሁ ዓመት የምትቆጥሩ ካላችሁ ይሄን ልንገራችሁ። ቋንቋ እስክችል ብዬ ስንት ዘመን ዝም አልኩ! ዛሬም አልቻልኩም። ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ መስኮቷ ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። ቲኬት ያቀበለኝን ሁሉ፣ ስለ ኮፍያዬ የጠየቀኝን ሁሉ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ ፍላጻ ስለት አስተምረው ነበር፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋብኝ። ጡረታ እስክወጣ ያቺን ኮፍያ አላወለቅኋትም። መስከረም ሲጠባ ዴልና እኔ እዚያ ሱቅ እንሄዳለን። አዲስ የመጣውን ስለት እናገላብጣለን፣ እንከራከራለን፣ ያንኑ ገዝተን እንወጣለን። ዓይኔን ዛሬም እጨፍናለሁ። ጆሮዬን ግን አልደፍንም።

የሕይወትና የብራያን ልጅ አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ማዕድ ሲቀርብ የምትባርከው እሷ ናት። እጆቿን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በስመ አብ ብላ ጀምራ አሜን ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔንና ዴልን፣ ሁለቱን አያቶቿን፣ ታየንና ትጨርሰዋለች፦ «ቀስ በል።» አስካለ እንኳ አታርማትም።